ሃያ ደቂቃው ሳይሞላ አትነሱ

ጅቡቲ ከተማ፣ ሄሮን ሰፈር በምንኖር ሐበሾች መካከል ስለ ካንሰር ሲወራ ኤም አር አይ ስሙ የሚነሳው መጨረሻ ላይ ነው። አልትራሳውንድ ይቀድማል፣ ሲቲ ስካን ይከተላል፤ ኤም አር አይ ግን «ውድ ነው፣ ይጮኻል፣ ያፍናል» ተብሎ ይታለፋል። ካንሰር ወደ ጉበት መሰራጨት አለመሰራጨቱን፣ በተለይ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ያነሱትን ዕጢዎች ለይቶ በማሳየት ግን ከሁለቱም ይበልጣል።

ኤም አር አይ ራጅ አይደለም፤ የራጅ ጨረር የለውም። የሚሠራው በማግኔትና በሬዲዮ ሞገድ ነው። ለፈጠራው ፖል ላውተርበርና ፒተር ማንስፊልድ በ2003 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። የአብዛኞቹ መሣሪያዎች ማግኔት የሚቀዘቅዘው ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ሂሊየም ነው። የጅቡቲን ሙቀት ለሚያውቅ ሰው ይህ ብቻውን ያስደንቃል።

ጉበት የሚጠረጠርበት ምክንያት ግልጽ ነው። ከአንጀት የሚመለሰው ደም ወደ ልብ ከመሄዱ በፊት በጉበት ያልፋል፤ ከትልቁ አንጀት ዕጢ የተላቀቁ ሴሎችም ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያርፉት እዚያ ነው። የጡትና የቆሽት ካንሰርም ጉበትን ይወዳሉ።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ። ጋዶክሴቴት የሚባል፣ ጋዶሊኒየም ያለበት፣ ምስሉን ለማጉላት በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት አለ። ሌሎቹ የጋዶሊኒየም መድኃኒቶች በደም ዞረው በኩላሊት ይወጣሉ፤ ይህኛው ግን ግማሽ ያህሉ በጤነኛ የጉበት ሴሎች ተስቦ ወደ ሐሞት ይወርዳል። ይህ እስኪሆን ሃያ ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ያን ጊዜ ጤነኛው ጉበት በምስሉ ላይ ፈክቶ ይወጣል። ከአንጀት ወይም ከጡት የመጣው ካንሰር ግን የጉበት ሴል የለውምና መድኃኒቱን መውሰድ አይችልም፤ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። በሌሎቹ ዘዴዎች የምንፈልገው ዕጢውን ነው፤ እዚህ ግን ጉበቱ ራሱ የእሱ ያልሆነውን ነጥሎ ያሳየናል።

ታካሚዎች የሚያበላሹትም ይህንኑ ጊዜ ነው። ለዓመታት በሄሮን በቤት ሠራተኝነት የኖሩ አንዲት እናት የትልቁ አንጀት ቀዶ ሕክምና አድርገው ነበርና ለክትትል ሲሄዱ ላስተረጉምላቸው አብሬያቸው ሄድኩ። የመጀመሪያዎቹ ምስሎች ተነስተው ዕረፍት ሲሰጣቸው፣ «ልጄ፣ አለቀ አይደል? በል እንሂድ፣ አሠሪዎቼ ይጠብቁኛል» አሉ። «እማማ፣ ዋናው ገና ነው፤ ትንሽ ይታገሡ» አልኳቸው። እየቆጫቸው ቆዩ። በኋላ ባለሙያው ምስሉን ሲያሳየኝ ጉበታቸው ፈክቶ፣ የሐሞት ቱቦዎቹ ከእሱም በላይ ነጥተው፣ በቀኝ በኩል ዳር ላይ የምስር ፍሬ የምታህል አንዲት ጥቁር ነጥብ ቁጭ ብላ ነበር። ቀደም ባሉት ምስሎች ላይ አልለየኋትም ነበር።

ጥቁር ነጥብ ሁሉ ግን ካንሰር አይደለም። የውሃ ከረጢትና ሄማንጂዮማ የሚባለው ጉዳት የሌለው የደም ሥሮች እብጠትም መድኃኒቱን አይወስዱም። ስለዚህ ሐኪሙ ያንን ምስል ብቻውን አያነብም። ውሃን በሚያጎላው ሌላ የኤም አር አይ ምስል ላይ እነዚህ ሁለቱ በጣም ያበራሉ፤ ካንሰሩ ግን መለስተኛ ብርሃን ነው ያለው። የውሃን እንቅስቃሴ በሚለካው ምስል ደግሞ ሴሎቹ የተጨናነቁበት ዕጢ ጎልቶ ይታያል። ይህኛው መርፌም አያስፈልገውም፤ ኩላሊታቸው ለደከመ ሰዎች ትልቅ ነገር ነው።

በምርመራው ጊዜ ትንፋሽ ያዙ ስትባሉ ያዙ! ጉበት ከመተንፈሻው ጡንቻ ከድያፍራም ጋር ከፍ ዝቅ ይላል፤ ለአሥራ አምስት ሰከንድ ያህል ካልረጋ ትንሿ ነጥብ ትደበዝዛለች። ስልክ፣ ቁልፍ፣ የፀጉር መርፌ፣ በብረት የተለበጠ ክታብ ሳይቀር አውልቃችሁ ግቡ፤ ማግኔቱ ምርመራ በሌለበት ሰዓትም አይጠፋም። የልብ ምት ማስተካከያ ያለው ሰው አስቀድሞ ይናገር። ይህ ሲነገራቸው «ችግር የለም» ብለው የሚያልፉ ሰዎች ያስቆጡኛል።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ሐኪሙ ከኬሞቴራፒ በኋላ ጉበታችሁን በቀዶ ሕክምና ለማዳን ካሰበ፣ ኬሞው ከመጀመሩ በፊት ኤም አር አይ ይነሳ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ትንንሾቹ ዕጢዎች በመድኃኒቱ ሟሽሸው ከምስል ሊጠፉ ይችላሉ፤ ከምስል ጠፉ ማለት ግን ሁሌ ሞቱ ማለት አይደለም። ቀዶ ሐኪሙ የት እንደነበሩ የሚያውቀው ከቀደመው ምስል ነው። ለሕክምና ከጅቡቲ ወደ አዲስ አበባ የምትሻገሩም የውጤት ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን ምስሎቹ ያሉበትን ሲዲ ይዛችሁ ሂዱ።