የመንገድ ምርምር በማን ገንዘብና በማን ምርጫ ይካሄዳል?

ለዕቃ ማጓጓዣ የሚከፈለው ኪራይ በማናቸውም አገር ከሸቀጡ ዋጋ ውስጥ የሚገባ ስለ ሆነ፣ መንገድ በምን ያህል ውፍረት እንደሚነጠፍ፣ የጭነት መኪናም በአንድ አክስል ስንት ኩንታል እንዲሸከም የሚወስነው ባለሥልጣን የነጋዴውን ሒሳብ አብሮ ይወስናል። ውሳኔው በግምት የተሰጠ እንደ ሆነ ጉዳት መድረሱ አይቀርም። ወይ መንገዱ ከሚገባው በላይ ወፍሮ የሕዝብ ገንዘብ በከንቱ ከአፈር በታች ይቀበራል፤ ወይም ሳስቶ በጥቂት ክረምት ይፈራርስና የጎማውና የመለዋወጫው ወጪ አስቀድሞ በባለመኪናው፣ ቀጥሎም በባለሱቁና በሸማቹ ላይ ይወድቃል።

ከግምት የሚያወጣው ምርምር መሆኑን የሚክድ የለም። ይሁን እንጂ ምርምር እንደ ድልድይ ሪባን ተቆርጦለት የማይመረቅ፣ ፍሬውም ከብዙ ዓመት በኋላ የሚታይ ሥራ ነውና፣ በጀት ሲጠብ ከሁሉ በፊት የሚቀነሰው እርሱ ነው። ይህን ችግር በሕግ ለመፍታት ከሞከሩት አገሮች መካከል የዩናይትድ ስቴትስ ልምድ ረጅምና በዝርዝር የታወቀ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በዚያ አገር በ1934 የወጣ አንድ የአውራ ጎዳና ሕግ፣ የፌዴራሉ መንግሥት ለየግዛቱ ከሚሰጠው የመንገድ ገንዘብ ላይ ከመቶ አንድ ተኩል ድረስ ለቅየሳ፣ ለዕቅድና ለምሕንድስና ምርመራ እንዲውል ፈቀደ። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም መሠረቱ ብልህነት ነበረበት። የምርምር ገንዘብ በየዓመቱ በልመና የሚገኝ መሆኑ ቀርቶ፣ መንገድ በተሠራ ቁጥር ከመንገዱ ገንዘብ ላይ ራሱ የሚቀነስ ሆነ። በ1991 የወጣው ሕግ ደግሞ ድርሻውን ከመቶ ሁለት አድርጎ፣ ከዚህም ውስጥ ቢያንስ ሩቡ ለምርምርና ለአዲስ አሠራር እንዲውል አስገደደ። ስለዚህ ከ100 ዶላር የመንገድ ገንዘብ 2 ዶላር ለዕቅድና ለምርምር ሲነሣ፣ ከሁለቱ ዶላር ቢያንስ 50 ሳንቲሙ የምርምር ነው ማለት ነው።

የገንዘቡ ምንጭ በአመዛኙ የነዳጅ ቀረጥ ነው። በ1956 የተቋቋመው የአውራ ጎዳና ፈንድ ከእያንዳንዱ ጋሎን ቤንዚን 18.4 ሳንቲም፣ ከናፍጣ 24.4 ሳንቲም ይሰበስባል። ይህ ልክ ከ1993 ወዲህ አልጨመረም፤ ከ2008 ጀምሮም ፈንዱ ጉድለቱን ለመሙላት ከጠቅላላው የመንግሥት ገንዘብ እየተጨመረለት ቆይቷል። እንግዲህ ለምርምሩ የሚከፍለው በመንገዱ የሚጠቀመው ሰው ነው፤ ከእነርሱም ውስጥ ጭነት አስጫኙ ነጋዴ ይገኝበታል።

ገንዘብ ከተገኘ በኋላ ጥያቄውን ማን ይመርጣል የሚለው ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ግዛቶቹ እያንዳንዳቸው ብቻቸውን ቢመራመሩ አንዱን ጉዳይ በብዙ ቦታ ደጋግመው ሊያጠኑት ይችላሉና፣ በ1962 በጋራ የሚካሄድ የአውራ ጎዳና ምርምር ፕሮግራም አቋቋሙ። እያንዳንዱ ግዛት ለዕቅድና ለምርምር ከሚደርሰው ድርሻ ላይ ከመቶ 5.5 ወደ ጋራው ሣጥን ያገባል። ከላይ በተጠቀሰው ሒሳብ መሠረት ይህ ከ100 ዶላር ላይ 11 ሳንቲም ነው። ሊጠና የሚገባውን ችግር የሚመርጡት መንገዱን የሚሠሩትና የሚጠግኑት የግዛቶቹ መሥሪያ ቤቶች በማኅበራቸው አማካይነት ነው። ሥራውን የሚያስተዳድረው ግን ሌላ አካል ነው፤ ይኸውም በ1920 በብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ ጥላ ሥር የተመሠረተው፣ ከ1974 ወዲህ የትራንስፖርት ምርምር ቦርድ እየተባለ የሚጠራው ድርጅት ነው። ቦርዱ ራሱ ቤተ ሙከራ ከፍቶ አይመራመርም። ጨረታ ያወጣል፤ ዩኒቨርሲቲዎችና አማካሪ ድርጅቶች ይወዳደራሉ፤ አሸናፊውን የሚመርጠውና ሥራውን እስከ መጨረሻው የሚከታተለው ያለ ደመወዝ የሚያገለግሉ የባለሙያዎች ጉባኤ ነው።

ባለጉዳዩ ይጠይቃል፣ ገለልተኛው ያስተዳድራል፣ ተወዳዳሪው ይመራመራል። አሠራሩ ለንግድ ሰው እንግዳ አይደለም፤ ዕቃ የሚገዛ፣ ጥራቱን የሚመረምርና የሚያቀርብ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ቢሆኑ ማጭበርበር ይከብዳል።

ከዚህ ዐይነቱ የጋራ ሥራ ሁሉ ለነጋዴው ኪስ ቅርብ የነበረው በኢሊኖይ ግዛት በኦታዋ ከተማ አጠገብ የተደረገው የመንገድ ፈተና ነው። (ይህች ኦታዋ ከካናዳ ዋና ከተማ የተለየች፣ ከቺካጎ ወደ ደቡብ ምዕራብ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት።) በዚያ ጊዜ የጭነት መኪኖች ክብደት ከዓመት ወደ ዓመት ይጨምር ነበር። ባለመኪናዎች የክብደቱ ወሰን ከፍ እንዲል ሲጠይቁ የመንገድ መሐንዲሶች መንገዳችን አለቀ እያሉ ይቃወሙ ነበር። ሁለቱም ወገኖች የሚያቀርቡት በቂ ማስረጃ ስላልነበራቸው፣ የግዛቶች የአውራ ጎዳና ባለሥልጣኖች ማኅበር ክርክሩን በሙከራ ለመጨረስ ወሰነ። ወጪው 27 ሚሊዮን ዶላር ያህል ሆነ። ግዛቶቹና የፌዴራሉ የመንገድ ቢሮ ዋናውን ሲሸፍኑ፣ የመኪና ፋብሪካዎች ማኅበርና የነዳጅ ዘይት ኢንስቲትዩት አስተዋጽኦ አደረጉ፤ ሾፌሮቹን የሰጠው የጦር ሠራዊቱ ነው።

በቦታው ስድስት ክብ መንገዶች ተሠሩ። አስፋልቱም ኮንክሪቱም ውፍረታቸው በሚለያይ ከ800 በላይ ቁራጮች ተከፋፈለ። በአንደኛው ክብ ላይ መኪና ጨርሶ እንዳይሄድ ተደረገ፤ ብርድና ዝናብ ብቻውን መንገድን ምን ያህል እንደሚጎዳ እንዲታወቅ ነው። በቀሩት ላይ በአንድ አክስል 9 ኩንታል ከሚከብደው ቀላል መኪና ጀምሮ 136 ኩንታል እስከሚከብደው ድረስ ወታደሮቹ ከ1958 መከር እስከ 1960 ኅዳር ወር ድረስ ሲያሽከረክሩ ቆዩ። በእያንዳንዱ የመኪና መስመር ላይ አክስል ከ1,100,000 ጊዜ በላይ አለፈ። ሾፌሮቹ በአንድ ክብ ላይ ለሁለት ዓመት ሲዞሩ ምን ያህል እንደ ተሰላቹ መገመት አያዳግትም።

መንገድ ተበላሸ የሚባለው መቼ ነው የሚለውን ጥያቄ አጥኚዎቹ የፈቱበት ዘዴ ደግሞ የሚደነቅ ነው። ልዩ ልዩ ሰዎች በመኪና ተቀምጠው በመንገዶች ላይ እንዲሄዱና ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 5 ማርክ እንዲሰጡ አደረጉ። ከዚያም ያ ማርክ በመሣሪያ ከተለካው የመንገዱ መጎርበጥና መሰንጠቅ ጋር እንዴት እንደሚዛመድ በሒሳብ አወጡ። የመጨረሻው ዳኛ ተሳፋሪው ሆነ ማለት ነው።

የተገኘው ውጤት እስከ ዛሬ ድረስ በየአገሩ የሚሠራበት ሲሆን፣ በአጭሩ ሲነገር በመንገድ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ከአክስሉ ክብደት ጋር እኩል አይጨምርም፤ በአራተኛ ብዜት ያህል ይጨምራል እንጂ። ለመለኪያ የተወሰደው 82 ኩንታል ያህል የሚሸከም አክስል ነው። የዚህ ግማሽ የሆነው አክስል 16 ጊዜ ቢያልፍ የሚያደርሰው ጉዳት ከአንዱ ባለ 82 ኩንታል ማለፍ ጋር እኩል ነው። የዚህ አንድ ዐሥረኛ የሚመዝነው የቤት መኪና ደግሞ 10,000 ጊዜ መመላለስ ይኖርበታል። በወሰኑ ላይ ከመቶ 10 ጨምሮ የጫነ ሰው በመንገዱ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከመቶ 46 ይጨምራል፤ ከመቶ 20 የጨመረው ከእጥፍ በላይ ያደርሳል። በሚዛን ጣቢያ ተይዞ ጥቂት ኩንታል ለማይሞላ ትርፍ ምን ያህል እንደሚያስቀጡት የሚገርመው አስጫኝ፣ የሕጉ መነሻ ይህ ቁጥር መሆኑን ቢያውቅ ባይደሰትም ነገሩ ይገባዋል።

ምርምሩ ቁጥሩን ቢያወጣም ውሳኔው የሕግ አውጪው እንደ ሆነ ኋላ የሆነው ነገር ያስረዳል። በ1956 በፌዴራል ሕግ የተወሰነው የነጠላ አክስል ክብደት 82 ኩንታል ያህል ነበር። በ1974፣ በነዳጅ መወደድና በፍጥነት ገደብ ምክንያት የጭነት ባለሀብቶች ስለ ተጎዱ፣ ምክር ቤቱ ወሰኑን ወደ 91 ኩንታል ገደማ ከፍ አደረገው። በኦታዋው ሒሳብ መሠረት በአንድ ማለፍ የሚደርሰው ጉዳት በግማሽ ያህል ይጨምራል። በሌላ በኩል አንድ መኪና ብዙ ከጫነ ምልልሱ ይቀንሳል፤ ኪራዩም ይረክሳል። ሁለቱን መዝኖ መወሰን የመንግሥት ፈንታ ነው፤ ምክር ቤቱ ግን በ1974 ሲወስን ዋጋውን በቁጥር ሊያውቀው ይችል ነበር፤ ከ1958 በፊት የነበሩት ይህ ዕድል አልነበራቸውም።

የኦታዋው ፈተና ጉድለትም ነበረበት። የተደረገው በአንድ ዐይነት አፈር፣ በረዶ በሚጥልበት በአንድ አየር ጠባይ፣ ለሁለት ዓመት ብቻ ነው፤ መንገድ ግን ለሃያ ዓመት የሚታሰብ ንብረት ነው። ይህን ለመሙላት በ1987 የተጀመረው ስትራቴጂያዊ የአውራ ጎዳና ምርምር ከግዛቶቹ ድርሻ ላይ ከመቶ ሩብ፣ ማለት ከ100 ዶላር 25 ሳንቲም፣ አስቀድሞ ተቀንሶለት በአምስት ዓመት 150 ሚሊዮን ዶላር ተመደበለት። ከዚያ ጋር የተጀመረው የመንገዶች የረጅም ዘመን ክትትል በልዩ ልዩ አየር ጠባይ ያሉ እውነተኛ መንገዶችን ለአሠርት ዓመታት ሲለካ ቆይቷል።

ብሪታንያ የተከተለችው መንገድ ለየት ያለ ነበር። ከ1933 ጀምሮ በመንግሥት የምርምር መሥሪያ ቤት ሥር የሚተዳደር የመንገድ ምርምር ቤተ ሙከራ ነበራት፤ በ1996 ወደ ግል ይዞታ እስኪዛወር ድረስ መንግሥት በራሱ ሠራተኞች ይመራመር ነበር። ቤተ ሙከራው በ1955 ስለ ሞቃት አገሮች መንገድ የሚያጠና ክፍል አቋቋመ። ይህ ክፍል ከዓለም ባንክ ጋር ሆኖ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በኬንያ ባደረገው ጥናት፣ መንገዱ ሲጎረብጥ የባለመኪናው ወጪ በምን ያህል እንደሚጨምር ለካ። ከመረጃው ከፊሉ የተገኘው ከራሳቸው ከባለመኪናዎች የወጪ መዝገብ ነው፤ የነዳጅ፣ የጎማና የመለዋወጫ ሒሳባቸውን በሥርዓት የያዙ ድርጅቶች ደብተራቸው የሳይንስ መረጃ ሆነ። በብራዚልና በሕንድ ከተደረጉት ተመሳሳይ ጥናቶች ጋር ተዳምሮም መንገድ መሠራቱ ያዋጣል አያዋጣም የሚባልበት የሒሳብ ዘዴ፣ ኤችዲኤም የሚባለው፣ ከዚህ ወጣ።

የሁለቱም አገሮች ሥራ ኢትዮጵያ ደርሷል። የኢትዮጵያ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1951 (በ1943 ዓ.ም.) ሲቋቋም ከዓለም ባንክ 5 ሚሊዮን ዶላር ብድር ተገኝቶለት፣ በመጀመሪያ የመሩትም ከአሜሪካ የመንገድ ቢሮ የመጡ መሐንዲሶች ነበሩ። ኋላም የአገሪቱ የመንገድ ዲዛይን መመሪያዎች ከአሜሪካና ከእንግሊዝ ምርምር ብዙ ወስደዋል፤ የመንገድ አዋጭነትም በኤችዲኤም ሲሰላ ቆይቷል። ይሁን እንጂ የኢሊኖይ አፈር የመረሬ አፈር አይደለም። በክረምት የሚያብጥ፣ በበጋ የሚሰነጠቅ መሬት በሰው አገር ቁጥር ብቻ አይገዛም።

ገንዘቡን የሚሰጠው ወገን ጥያቄውንም የመምረጥ ዕድል አለውና፣ የአገሩን ጥያቄ ለማስጠናት የአገር ገንዘብ ያስፈልጋል። በዚህ ረገድ የሚጠቀስ በጎ ምሳሌ አለ። በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ የኢትዮጵያ የመንገድ መሥሪያ ቤትና የእንግሊዙ ቤተ ሙከራ ተባብረው፣ በስምጥ ሸለቆ አካባቢ በብዛት የሚገኘው ከእሳተ ገሞራ የወጣ ቀላል ጠጠር ለመንገድ ይሆን እንደ ሆነ መረመሩ። ጠጠሩ ብቻውን አልጠበቅ ስለሚል ብዙ ጊዜ ይናቅ ነበር። ደቃቅ አፈር ሲቀላቀልበት ግን ተጠቅጥቆ እንደሚጠነክር ታወቀ፤ ከሩቅ ድንጋይ ፈልጦ፣ ፈጭቶ ማጓጓዝ የሚቀርበትም ቦታ ተገኘ። ይህን ጥያቄ የኢሊኖይ ሰው ሊያነሣው አይችልም ነበር።

በ1997 የተቋቋመው የኢትዮጵያ የመንገድ ፈንድ ከነዳጅ ላይ ከሚሰበሰበው ገንዘብ መንገድ ያስጠግናል። በአሜሪካው ልክ ከመቶ ግማሽ ለምርምር ቢነሣ ከ1 ቢሊዮን ብር 5 ሚሊዮን ብር ይሆናል። አስቀድሞ የሚጠናውም የመረሬው መሰንጠቅ ይሁን ወይስ በሚዛን ጣቢያ የሚባክነው ጊዜ፣ አስጫኙና ባለመኪናው ቀርበው ሊናገሩበት የሚገባ ነው።