የደልሲመር ፍሬትቦርድ፦ ዝርግ ወይስ ጉብ ያለ?

ማውንቴን ደልሲመር እ.ኤ.አ. በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአሜሪካ አፓላቺያን ተራሮች መልክ የያዘ፣ ጭን ላይ አጋድመው የሚጫወቱት መሣሪያ ነው። መነሻው ጀርመናውያን ሰፋሪዎች ወደ ፔንሲልቬኒያ ይዘውት የገቡት ሻይትሆልት እንደሆነ በሰፊው ይታመናል። ሦስት ወይም አራት ክር አለው። ፍሬቶቹ፣ ማለትም ክሩ የሚጫንባቸው የብረት ሽቦዎች፣ የሚተከሉበት ጠባብ እንጨት፣ ማለትም ፍሬትቦርዱ፣ በሣጥኑ ላይ ቁመቱን ተከትሎ ከፍ ብሎ ይሄዳል። ይህ እንጨት ከጥንት ጀምሮ ዝርግ ነው፤ ዛሬ ግን እንደ ጊታር መሀሉን ጉብ አድርገው የሚሠሩም አሉ።

የቀድሞዎቹ ሠሪዎች ዝርጉን የመረጡት ሌላ ስላላዩ አይደለም። የጣት ገበታው ጉብ ያለው ቫዮሊን እዚያው መንደራቸው ውስጥ ነበር። ምክንያቱ አጨዋወቱ ነው። የኬንታኪዋ ዘፋኝ ጂን ሪቺ (1922–2015) ለከተማ አድማጮች ባስተዋወቀችው ነባር ስልት፣ ግራ እጅ ኖተር የሚባል አጭር ዘንግ ይዞ ለተጫዋቹ ቅርብ በሆነው የዜማ ክር ላይ ያንሸራትታል፤ ቀኝ እጅ በላባ ብዕር ክሮቹን ሁሉ ይመታል። የቀሩት ክሮች ሳይነኩ ያጅባሉ። የዜማው ክር ዳር ላይ ስለሆነ፣ ፍሬትቦርዱ ጉብ ካለ ቁልቁለት ላይ ይወድቃል፤ ዘንጉም ወደ ውጭ ይሸሻል።

ከ1960ዎቹ ወዲህ በጣት ኮርድ መያዝ ተስፋፋ፤ ዘፋኟ ጆኒ ሚቸል በ1971 «ብሉ» አልበሟ ላይ ደልሲመር ተጫውታለች። የጉብታው ጥያቄ የሚነሣው እዚህ ነው፤ አንድ ጣት ክሮቹን ሁሉ ሲጫን ጉብታው ያግዘዋል ይባላል። እስቲ እንለካው። ዳርና ዳር ያሉት ክሮች 32 ሚሊ ሜትር ቢራራቁና ጉብታው በብዙ ጊታሮች የተለመደው ባለ 12 ኢንች ሬዲየስ ቢሆን፣ መሀሉ ከዳሩ የሚበልጠው በ0.4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ጊታር ስድስት ክር ስላለው ልዩነቱ ይጎላል፤ በሦስት ክር ግን ጣት ብዙም የሚያተርፍ አይመስለኝም። ክሮቹን ዝቅ አድርጎ በደንብ ማስተካከል ከዚህ የበለጠ ይረዳል። ጉብታ የመረጠ ሰውም ክሮቹ የሚያርፉባቸው ነትና ብሪጅ በዚያው ልክ እንዲቀረጹ ይጠይቅ፤ ዝርግ ከቀሩ የመሀሉ ክር ፍሬት እየነካ ይንጫጫል።

ጉብታው የግድ የሚሆነው በቀስት ለሚጫወቱት ደልሲመር ነው። ክሮቹ እኩል ከፍታ ላይ ካሉ ቀስቱ የመሀሉን ለብቻው ማግኘት አይችልም። የቫዮሊን የጣት ገበታ ሬዲየስ ወደ 42 ሚሊ ሜትር ነው፤ በዚያ ልክ ከተሠራ የመሀሉ ክር ከዳሮቹ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ከፍ ይላል።