ምዕራፍ ስድስት፦ የመኝታ ሰዓት ጨለማና የልጆች ፍርሃት

ልጆች ጨለማን መፍራት የሚጀምሩት በአብዛኛው ከሁለትና ከሦስት ዓመት ዕድሜያቸው አንሥቶ ሲሆን፣ ብዙ ወላጆች በድንገት የመጣ የሚመስላቸው ይህ ፍርሃት ከልጁ የአእምሮ ዕድገት ጋር አብሮ የሚመጣ ነው። ጨቅላ ሕፃን ሌሊት ቢያለቅስ ርቦት፣ በርዶት ወይም የእናቱን ገላ ፈልጎ ነው፤ በዐይኑ የማያየውን ነገር በሐሳቡ መሣል ገና አልጀመረምና። ሁለትና ሦስት ዓመት ሲሞላው ግን የሌለውን ነገር እንዳለ አድርጎ የማሰብ ችሎታው፣ ማለትም ምናቡ፣ ይከፈትለታል። ቀን ሸንበቆውን ፈረስ አድርጎ የሚጋልብበት ይኸው ችሎታ፣ ማታ ከበሩ ጀርባ የተሰቀለውን ጋቢ ቆሞ የሚመለከተው ሰው ያደርግበታል። ምናብን ከእውነት አጥርቶ የሚለይበት ማስተዋል ደግሞ ዘግይቶ ስለሚጠነክር፣ በመካከሉ ባሉት ዓመታት ፍርሃቱ ይበረታል፤ ከሰባትና ከስምንት ዓመት በኋላም በአብዛኞቹ ልጆች ዘንድ እየለዘበ ይሄዳል።

ሰውነትም የራሱ ድርሻ አለው። የሰው ልጅ በዋነኛነት በዐይኑ የሚመራ፣ ቀን ቀን የሚንቀሳቀስ ፍጡር በመሆኑ፣ ማየት ሲሳነው ነርቮቹ ንቁ ይሆናሉ። ክርስቲያን ግሪሎንና ባልደረቦቹ በ1997 ባወጡት ጥናት (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ድንገተኛ ከባድ ድምፅ የተሰማቸው አዋቂዎች በብርሃን ከነበሩበት ጊዜ ይልቅ በጨለማ ሳሉ አብልጠው እንደሚደነግጡ አሳይተዋል፤ ሌሊት በምትንቀሳቀሰው አይጥ ላይ በተደረገ ተመሳሳይ ሙከራ ግን ድንጋጤውን የሚያባብሰው ደማቅ ብርሃን ሆኖ ተገኝቷል። በ2021 የታተመ ሌላ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ጥናትም፣ አደጋን ፈጥኖ የሚያነፈንፈው አሚግዳላ የተባለው ትንሽ የአንጎል ክፍል፣ ደብዘዝ ባለ ብርሃን እንኳ እንቅስቃሴው እንደሚቀንስ አመልክቷል። ስለዚህ የሚፈራን ልጅ «አንተ ትልቅ ልጅ አይደለህም እንዴ?» ብሎ ማሸማቀቅ በፈቃዱ ያላመጣውን ነገር እንደ ጥፋት መቁጠር ነው፤ ልጁም ፍርሃቱን ሳይተው መናገሩን ብቻ ይተዋል።

ተፈጥሮ የጀመረውን ግን አዋቂዎች ያባብሱታል። ስታንሊ ራችማን የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1977 እንዳስረዳው፣ ሰው ፍርሃትን የሚማረው ክፉ ነገር ራሱ ሲደርስበት ብቻ አይደለም፤ ሌላው ሲፈራ በማየትና ሰዎች በሚነግሩት ቃልም ይማረዋል። በኢትዮጵያ ብዙ ቤቶች ውስጥ «ዝም ካላልክ ጅቡን እጠራብሃለሁ» የሚለው ማስፈራሪያ ከዚህ ከሦስተኛው መንገድ የሚመደብ ሲሆን፣ በገጠርና በከተማ ዳርቻ እውነተኛው ጅብ ሌሊት ስለሚጮህ ለልጁ የሚታመን ማስረጃ ጭምር አለው። ማስፈራሪያው ለዚያች ማታ ይሠራል፤ ልጁ ዝም ይላል፣ ወላጁም በማግስቱ ይደግመዋል። ወላጁ ግን የገዛው ዝምታ በሚቀጥሉት ወራት እንቅልፍ እንደሚከፈል ሊያስተውል ይገባል። የሚያሳዝነው፣ መድኃኒቱም በዚያው ቤት ውስጥ መኖሩ ነው፤ በአያቶች ተረት ውስጥ አያ ጅቦ ሆዳምና ሞኝ፣ በእመት ጦጣ ብልሃት የሚታለል እንስሳ ነውና፣ ልጅ በጅብ ስቆ ሊተኛ ሲችል በጅብ እንዲንቀጠቀጥ ማድረግ ትልቅ ሀብትን ማባከን ነው።

ፍርሃቱ የሚታይበት ቦታ እንደ አኗኗሩ ይለያያል። ልጅ ከእናቱ ወይም ከወንድምና እኅቶቹ ጋር በሚተኛበት ቤት ፍርሃቱ ሌሊት ወደ ውጭ መጸዳጃ ቤት ሲወጣ ወይም መብራት ሲጠፋ ይገለጣል። ወደ አሜሪካና አውሮፓ የሄዱ ቤተሰቦች ግን ልጁ በለጋ ዕድሜው ለብቻው ክፍል ይተኛ በሚል ልማድ መካከል ስለሚያሳድጉት፣ ያው ፍርሃት በየማታው በመኝታ ሰዓት ይመጣባቸዋል። አብሮ መተኛት በራሱ ስሕተት አይደለም፤ ችግር የሚሆነው ልጁ ብቻውን መሆንን ለመለማመድ አንድም አጋጣሚ ሲያጣ ነው።

ፍርሃቱን የሚያሸንፈው ምን እንደሆነ በ1975 ፍሬድሪክ ካንፈርና ባልደረቦቹ ያደረጉት ሙከራ በጥሩ ሁኔታ ያሳያል። ጨለማ የሚፈሩ የአምስትና የስድስት ዓመት ልጆች በሦስት ተከፍለው፣ አንደኞቹ ጀግና መሆናቸውንና በጨለማ ራሳቸውን መንከባከብ እንደሚችሉ፣ ሁለተኞቹ ጨለማ ደስ የሚል ቦታ መሆኑን፣ ሦስተኞቹ ደግሞ ከጉዳዩ ጋር የማይገናኝ የልጆች ዜማ ግጥም ለራሳቸው እንዲሉ ተደረገ። በጨለማው ክፍል ረጅም ጊዜ የቆዩት ስለ ራሳቸው ችሎታ የተናገሩት ነበሩ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት፣ ጨለማው ባዶ ስለመሆኑ ከልጁ ጋር መከራከር ብዙ እንደማይጠቅምና «እችላለሁ» የሚያሰኘውን ልምምድ መስጠት እንደሚበልጥ ነው። ወላጅ በየማታው አልጋ ሥር እያጎነበሰ ጭራቅ ቢፈልግም፣ ፍለጋው ራሱ የሚፈለግ ነገር እንዳለ ልጁን ያሳምነዋል።

ልምምዱ ደረጃ በደረጃ የመላመድ ዘዴ ይባላል፤ የሚፈራውን ነገር በትንሽ መጠን፣ ልጁ ደስ ብሎት ሳለ እያቀረቡ ቀስ በቀስ መጨመር ማለት ነው። ሜሪ ከቨር ጆንስ በ1924 ባሳተመችው ጽሑፍ፣ ጥንቸል የሚፈራ አንድ ሕፃን የሚወደውን ምግብ እየበላ ጥንቸሏን ቀስ በቀስ በማስጠጋት ፍርሃቱ እንደለቀቀው ገልጻለች። ለጨለማ ሲሆን ጨዋታ የምግቡን ቦታ ይይዛል። በቀን መጋረጃ ተዘግቶ ስኒ፣ ማንኪያና ቁልፍ በከረጢት ውስጥ ተደርገው ልጁ በመዳሰስ ብቻ እንዲለያቸው ማድረግ፣ ቀጥሎም ማታ መብራት ካልበራበት ክፍል ትራሱን ሮጦ እንዲያመጣ መላክ፣ በመጀመሪያ በሩ ክፍት ሆኖ፣ ከዚያ ገርበብ ብሎ፣ በኋላም ተዘግቶ ሊሆን ይችላል።

ከጨዋታዎቹ ሁሉ የሚበልጠው ግን በጨለማ ተቀምጦ መጠበቅ ነው። ወላጅና ልጅ አልጋ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው መብራቱ ሲጠፋ መጀመሪያ ምንም አይታይም። ጥቂት ቆይቶ የመስኮቱ ጠርዝ፣ ቀጥሎ የወንበሩ መደገፊያ፣ ቀጥሎም የጋቢው እጥፋት ከጨለማው እየተለየ ይወጣል። ምክንያቱ በዐይን የኋላ ግድግዳ ላይ፣ ማለትም በሬቲና፣ ሮድ የሚባሉ ለደካማ ብርሃን የተሠሩ ህዋሳት መኖራቸው ነው፤ እነዚህ ህዋሳት በደማቅ ብርሃን የፈረሰባቸውን ብርሃን ተቀባይ ንጥረ ነገር መልሰው እስኪያዘጋጁ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጅባቸዋል። ልጁ «አሁን ምን ይታይሃል?» እየተባለ በየጊዜው የተገለጠለትን ሲቆጥር፣ የገዛ ዐይኑ በጨለማ እንደሚሠራ ከማንም ምስክርነት ሳይሻ ያውቃል።

የሌሊት መብራት መተው ሽንፈት አይደለም፤ ደብዛዛ፣ ወደ ቀይ ያደላ፣ ከአልጋው ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ከሆነ በቂ ነው። ደማቅ መብራትና ስልክ ግን እንቅልፍን የሚጠራውን ሜላቶኒን የተባለ ሆርሞን ያፍናሉ። በ2018 በአሜሪካ በጥቂት የመዋዕለ ሕፃናት ዕድሜ ልጆች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ከመኝታ በፊት የአንድ ሰዓት ደማቅ ብርሃን ይህን ሆርሞን ወደ 88 በመቶ ቀንሶታል፤ ሳይተኛ በቆየ ቁጥር ደግሞ ልጁ ለማሰብና ለመፍራት ጊዜ ያገኛል።

ሌላው የሚያግዝ ነገር ኃላፊነት ነው። አቪ ሳዴህና ባልደረቦቹ በ2006ቱ የሊባኖስ ጦርነት ጊዜ ለተጨነቁ የእስራኤል ሕፃናት የጨርቅ ቡችላ ሰጥተው እንዲንከባከቡት በማድረግ ጭንቀታቸው መቀነሱን አይተዋል፤ በኋላም ዘዴው ለሌሊት ፍርሃት ሲሞከር፣ ቡችላው ጠባቂያቸው ነው የተባሉትም ሆኑ እንዲጠብቁት የተነገራቸው ልጆች ፍርሃታቸው ቀንሷል። ከሁለቱ ግን ልጁን ጠባቂ የሚያደርገው ከላይ ከተገለጸው «እችላለሁ» ከሚያሰኘው ሐሳብ ጋር አብልጦ ይስማማል፤ ታናሽ ወንድም ወይም እኅት ካለም አሻንጉሊት ባይገዛ ይቻላል።

በመጨረሻ፣ እንቅልፍ በያዘው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ጮኾ የሚነሣ፣ ወላጁን የማያውቅ፣ ጠዋትም ምንም የማያስታውስ ልጅ ችግሩ የጨለማ ፍርሃት ሳይሆን የሌሊት ሽብር የሚባል የጥልቅ እንቅልፍ መረበሽ ነው፤ መቀስቀስ አያስፈልገውም፣ እንዳይጎዳ መጠበቅ ይበቃል። ቅዠት ግን አብዛኛውን ጊዜ ወደ ንጋት ላይ ይመጣል፣ ልጁም ነቅቶ ያየውን ይናገራልና ማጽናናት ይፈልጋል። የጨለማው ፍርሃት ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ዘልቆ እንቅልፉን፣ ትምህርቱን ወይም የቤተሰቡን ኑሮ ካወከ፣ ፎቢያ የተባለው ከልክ ያለፈ ፍርሃት ሊሆን ስለሚችል ወደ ሕፃናት ሐኪም ወይም ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ መውሰድ ይገባል፤ ወላጅ አስቀድሞ ለሁለት ሳምንት ያህል ልጁ የተኛበትንና የነቃበትን ሰዓት፣ የተናገረውን ቃልና ማን ምን እንዳደረገለት በደብተር ጽፎ ቢቀርብ ባለሙያው ሥራውን ከዚያው ሊጀምር ይችላል።