ከሩቅ ለሚሠራ ሥራ ስለሚደረግ ቃለ መጠይቅ

ሰው ለሥራ ከመመረጡ በፊት መመርመሩ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ይዞ ከመምህሩ ፊት ሲቀርብ፥ መምህሩ የሚመለከተው ልብሱን ሳይሆን ቃሉንና ምሥጢሩን ነው። በዛሬው ዘመን ደግሞ ቦንጋ ተቀምጦ በናይሮቢ ወይም በለንደን ላለ ድርጅት ሒሳብ መያዝ፥ ጽሑፍ መተርጐም፥ የኮምፒዩተር ፕሮግራም መጻፍ ይቻላል፤ የአሠሪው ምርመራም በኢንተርኔት በመተያየት ይፈጸማል።

ቦንጋ ከአዲስ አበባ 460 ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትርቅ፥ የተማረ ልጅ ሥራ ፍለጋ ከካፋ ወጥቶ መቅረቱ የተለመደ ነው። የካፋ ቡና ዛፉ ከጫካው ሳይነቀል ፍሬው ዓለምን እንደሚዞር፥ የወጣቱም ሙያ እርሱ ከወላጆቹ ሳይለይ ውጭ አገር ሊደርስ ይችላል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. መንግሥታችን ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር የጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ትምህርቱን ያለ ክፍያ በየከተማው ላለ ወጣት ከፍቷል። ነገር ግን ማወቅ አንድ ነገር፥ ያወቁትን በጥቂት ደቂቃ ማስረዳት ሌላ ነገር ነው።

አስቀድሞ ሊጠነቀቁለት የሚገባው ሰዓት ነው። የናይሮቢ አሠሪ «ጠዋት በ9 ሰዓት» ቢል በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው፤ ይህን ያልመረመረ ስድስት ሰዓት ዘግይቶ ይቀርባል። የለንደን ጠዋት 10 ሰዓትም በክረምታቸው የእኛ 7 ሰዓት፥ በበጋቸው ግን 6 ሰዓት ይሆናል።

ሁለተኛው መብራትና መስመር ነው። ባትሪውን በዋዜማው መሙላት፥ መስመሩ ቢቋረጥ የሚተካ የስልክ ኢንተርኔት ማዘጋጀት፥ ጸጥ ያለ ክፍል መያዝ ያስፈልጋል። አሠሪው «መብራት ቢጠፋ ምን ታደርጋለህ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ ያሰናዱትን በእውነት መናገር «ከቶ አይጠፋም» ከማለት ይሻላል።

ሦስተኛው መልሱ ነው። አሠሪው ሠራተኛውን በዓይኑ ሊጠብቀው ስለማይችል፥ ከሁሉ አብልጦ የሚሻው ታማኝነትን ነው። ስለዚህ ከዚህ በፊት የሠሩትን ሥራ አቅርቦ ማሳየት፥ የቀኑን ሥራ በጽሑፍ እንዴት እንደሚያስታውቁ መግለጽ፥ ያላወቁትን አላውቅም ማለት ይገባል። ቅን አሠሪ ደመወዝ ይከፍላል እንጂ ከሥራ ፈላጊ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ለመመዝገቢያ ክፈል የሚል ቢመጣ አታላይ መሆኑን ማወቅ ነው።

ይህ ሁሉ ግን ለወጣቱ ብቻ የሚተው አይደለም። መብራትና ኢንተርኔት ያለው ጸጥተኛ ክፍል በብዙ ቤት አይገኝም፤ በመሥሪያ ቤቶችና በቦንጋ ዩኒቨርሲቲ ግን ሊገኝ ይችላል። ሹማምንት አንድ ክፍል ለይተው በቀጠሮ ቢከፍቱለት ወጪው ጥቂት ነው። ካህናትም ልጁ ቤት ተቀምጦ ኮምፒዩተር ሲመለከት ሥራ የፈታ ለሚመስላቸው ወላጆች ነገሩን ቢያስረዱ፥ ልጁ ከአገሩ ሳይወጣ እንጀራውን እንዲያገኝ ይረዱታል።