የአሮጌ መዳብ ሳንቲም መልክና ደረጃ

አንድ ተማሪ በአያቱ ሣጥን ውስጥ በጨርቅ የተቋጠረ አሮጌ የመዳብ ሳንቲም አገኘ እንበል። ሳንቲሙ ጠቁሯል። ተማሪው ሎሚ ቆርጦ፥ አመድ ነስንሶ፥ እስኪያብረቀርቅ ድረስ ይፈትገዋል፤ ከዚያም ዋጋው የጨመረ መስሎት ወደ አንድ የሳንቲም ሰብሳቢ ይወስደዋል። ሰብሳቢው ግን ገና ሲያየው ራሱን ይነቀንቃል። ተማሪው ፈትጎ ያስወገደው እድፍ አልነበረም፤ ሳንቲሙ በብዙ ዓመታት የለበሰው የተፈጥሮ ልባስ ነበር። ይህ ልባስ አንድ ጊዜ ከተገፈፈ በምንም ብልሃት አይመለስም። ለመሆኑ የአሮጌ መዳብ ሳንቲም የሚመዘነው እንዴት ነው?

ሰብሳቢዎች ሁለት ነገሮችን ለየብቻ ይመረምራሉ፤ እነርሱም መልክና ይዞታ ናቸው። አስቀድመን መልክን እንመልከት። መዳብ ከማተሚያው እንደወጣ ቀይ ሆኖ ያንጸባርቃል። ይሁን እንጂ በአየር ውስጥ ካለው ኦክስጅን ጋር ቀስ በቀስ ስለሚዋሐድ መጀመሪያ ቀይ ዳማ፥ በኋላም ቡናማ ይሆናል። እርጥበትና የእጅ ላብ ለውጡን ያፋጥኑታል፤ በተለይም በላብ ውስጥ ያለው ጨው መዳብን ይበላል። ስለዚህ ሰብሳቢዎች የመዳብ ሳንቲምን በመልኩ በሦስት ይከፍሉታል። የመጀመሪያውን ቅላት ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ የያዘው «ቀይ»፥ ቅላቱ በከፊል የቀረለት «ቀይ ቡናማ»፥ ቅላቱ የጠፋበት ደግሞ «ቡናማ» ይባላል። በሌላ ረገድ እኩል ከሆኑ ሳንቲሞች መካከል ቀዩ ብርቅ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ከፍ ያለ ዋጋ ያወጣል። ሆኖም ቡናማ መሆን ጉድለት አይደለም፤ ለስላሳና ወጥ የሆነ ቡናማ ልባስ የሳንቲሙን ገጽ ይጠብቃል። ጉድለት የሚባለው ገጹን እየቦረቦረ የሚሄደው አረንጓዴ ዝገት ነው።

ይዞታ የሚባለው ደግሞ ሳንቲሙ በአገልግሎት ብዛት ምን ያህል እንዳለቀ የሚያሳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 ዊልያም ሼልደን የተባለ አሜሪካዊ የአገሩን ትልልቅ የቀድሞ የመዳብ ሳንቲሞች ለመመዘን ከ1 እስከ 70 የሚደርስ መለኪያ አወጣ። በዚህ መለኪያ ምንነቱ በጭንቅ የሚለየው ሳንቲም 1 ሲያገኝ፥ ከ60 እስከ 70 ያለው ቦታ ለገበያ ውሎ ላላለቀ ሳንቲም የተመደበ ነው። መለኪያው ዛሬ ለሌሎች ሳንቲሞችም ያገለግላል።

ከአገራችን ሳንቲሞች አንድ ምሳሌ እንውሰድ። 1936 ዓ.ም. የሚል ዘመን ያለባቸው ባለ 1፥ ባለ 5፥ ባለ 10 እና ባለ 25 ሳንቲሞች የተሠሩት ከነሐስ፥ ማለትም አብዛኛው መዳብ ከሆነ ቅይጥ ነው። በአንዱ ገጽ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፥ በሌላው ዘውድ የደፋ አንበሳ ምስል አለባቸው። እነዚህ ሳንቲሞች ዘመኑ ሳይለወጥ ለብዙ ዓመታት ስለ ታተሙ፥ የተጻፈውን ዘመን ማንበብ ብቻ ዕድሜያቸውን አይነግረንም። ይዞታቸውን ለማወቅ ከፍ ብለው የወጡትን ክፍሎች፥ ማለትም የንጉሡን ጉንጭና ጠጉር፥ የአንበሳውንም ጎፈር መመልከት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም መፈተግ የሚጀምረው ከእነዚህ ነው።

መልክና ይዞታ ተነጻጽረው ሲታዩ የተፈተገ ሳንቲም ራሱን ያጋልጣል። በእጅ ብዛት ባለቀ ሳንቲም ላይ ቅላት ቢቀር እንኳ የሚቀረው እጅ በማይደርስባቸው በፊደላቱ ጥጋ ጥግ ነው። እንግዲህ ምስሉ ያለቀ ሳንቲም ከዳር እስከ ዳር ደማቅ ቀይ ሆኖ ከተገኘ፥ ቅላቱ የተፈጥሮ ሊሆን አይችልም። ሳንቲሙን ከአንድ መብራት ሥር ይዘን ቀስ ብለን ስናዘነብለው፥ ያልተነካው ገጽ ብርሃኑን እንደሚሽከረከር ጨረር ያዞረዋል፤ የተፈተገው ግን ከማዞር ይልቅ ጭው ያለ ቅላት ብቻ ያሳያል። በአጉሊ መነጽርም ጎን ለጎን የተሰመሩ ቀጫጭን ጭረቶች ይታያሉ።

ከዚህ የተነሣ ጥንቃቄ ማድረግ ተገቢ ነው። ሳንቲም በጠርዙ እንጂ በገጹ አይያዝም። በደረቅ ስፍራ፥ እያንዳንዱ ለብቻው መቀመጥ ይገባዋል። አንዳንድ ለስላሳ ፕላስቲኮች አረንጓዴ ቅባት ስለሚያወጡ ለማስቀመጫ አይመረጡም። ከሁሉም በላይ ግን ፈትጎ ማጽዳት ክልክል ነው። የተፈተገን ሳንቲም እንዳልተነካ አድርጎ መሸጥም ገዢን ማታለል ነው።

በአጠቃላይ፥ አሮጌ ሳንቲም በእጁ የገባ ሰው ከማጽዳቱ በፊት ማየትን፥ ከማየቱም በኋላ ማመዛዘንን ይልመድ። ጥቁረቱን እንደ እድፍ የቆጠረው ተማሪ የሳተው ይህንን ነው፤ የሳንቲሙ ታሪክ የተጻፈው በምስሉ ላይ ብቻ ሳይሆን በመልኩም ላይ ነበርና።

ጥያቄዎች

1. ተማሪው ሳንቲሙን በመፈተጉ የጎዳው ለምንድን ነው?
2. በመልክና በይዞታ መካከል ያለውን ልዩነት በራሳችሁ አነጋገር ግለጹ።
3. ያለቀ ሳንቲም ሁለመናው ደማቅ ቀይ ቢሆን ምን ትገምታላችሁ? ምክንያታችሁን አስረዱ።
4. «ልባስ»፥ «ቅይጥ»፥ «ይዞታ» የሚሉትን ቃላት በዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገቡ።