ኦርካን ከየብስ ማየት ለምን ይሻላል?

በአሜሪካዋ ዋሽንግተን ግዛትና በካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ መካከል ያለው የሳሊሽ ባሕር በደሴቶችና በተራሮች ከውቅያኖስ ማዕበል የተከለለ ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ሲያትልም ያለችው በዚሁ ባሕር ዳርቻ ነው። ውሃው ረጋ ያለ ስለሆነ ጎብኚዎች «ገዳይ ዓሣ ነባሪ» የሚባለውን ኦርካ ፍለጋ በጀልባ ይወጣሉ። ነገር ግን ዓሣ በል የሆኑት የአካባቢው ኦርካዎች እ.ኤ.አ. በ1995 ከነበሩበት 98 ዛሬ ወደ ሰባ ገደማ ወርደዋል። እነዚህን እንስሳት ማየት የሚገባን ከየብስ ሆነን ነው፤ ምክንያቱም የጀልባ ድምፅ በቀጥታ ምግባቸውን ይነካል።

ኦርካ ቺኑክ የተባለውን ትልቅ ሳልሞን የሚያድነው በዋናነት በድምፅ ነው። ከአፍንጫው ቧንቧ የሚያመነጨው አጭር ድምፅ በግንባሩ ስብ በኩል ወደ ፊት ይወረወራል፤ በዓሣው ሆድ ውስጥ ካለው የአየር ከረጢት ጋር ተጋጭቶ ሲመለስም በታችኛው መንጋጋው በኩል ወደ ጆሮው ይደርሳል። የጀልባ ፕሮፔለር ሲሽከረከር የሚፈነዱት አረፋዎች ጩኸት ግን ይህን ደካማ ማሚቶ ይውጠዋል። ነገሩ ወፍጮ ቤት ውስጥ ቆሞ ሹክሹክታ ለመስማት እንደመሞከር ነው። ጀልባ ሲቀርብ በተለይ ሴቶቹ አደናቸውን እንደሚያቋርጡ በጥናት ታይቷል።

«ዋናው ችግር የሳልሞን እጥረት ነው» የሚሉ አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ሆኖም ዓሣው ባነሰ ቁጥር እያንዳንዱን ፈልጎ ማግኘት ይበልጥ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ጩኸቱ የከፋ ጉዳት የሚያደርሰው በእጥረት ጊዜ ነው። ትልልቅ የጭነት መርከቦች የበለጠ ይጮሃሉ የሚለውም ትክክል ነው። መልሱ ግን የእነሱንም ጩኸት መቀነስ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በዚሁ ባሕር ባለው በሃሮ ሰርጥ መርከቦች በበጎ ፈቃድ ፍጥነታቸውን እየቀነሱ ሲያልፉ የውሃ ውስጥ ጩኸቱ ቀንሷል።

ጠንካራው ተቃውሞ ሰው ያላየውን አይወድም፣ የማይወደውንም አይጠብቅም የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ለትርኢት ሲጠመዱ የነበሩት ኦርካዎች ዛሬ ተቆርቋሪ ያገኙት ሰው ስላወቃቸው መሆኑ አይካድም። ይሁንና ለማወቅ መጠጋት ግድ አይደለም። በዚሁ ባሕር በምትገኘው ሳን ህዋን ደሴት፣ «ላይም ኪልን ፖይንት» በተባለው ፓርክ፣ ባሕሩ ከቋጥኙ ሥር ወዲያው ስለሚጠልቅ ኦርካዎች አንዳንዴ በቅርብ ያልፋሉ። የዋሽንግተን ግዛትም እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ ጀልባዎች ከእነዚህ ኦርካዎች 914 ሜትር ያህል እንዲርቁ በሕግ አስገድዷል። በዳርቻው የቆመ ሰው ምንም ሳያይ ሊመለስ ይችላል፤ የሚያጣው ግን አንድ ቀን ነው። ነፍሰ ጡር ኦርካ ተርባ ከሰነበተች ልታጣ የምትችለው ግልገሏን ነው።