ሰኞ ዕለት ብሩን ማን አወጣው?

አዳዳ እላት ነበር፤ የአባቴ እህት ናት። ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነቀምቴ አረፈች። ሰኞ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘን ጊምቢ ቀበርናት። በኋላ ከባንክ የወጣው የሂሳብ መግለጫ ደግሞ በዚያው ሰኞ በኤቲኤም ካርዷ 6,000 ብር መውጣቱን ይናገራል። ካርዱ እኔ ጋ ነበር። የሚስጥር ቁጥሩንም የማውቀው እኔ ብቻ። በቃ፣ ሌባው ተገኘ።

ወረቀቱን ያመጣው አጎቴ ነው። ልጅ ስላልነበራት ወራሾቿ ወንድሞቿ ናቸው። ፍርድ ቤት ሄዶ የወራሽነት ማረጋገጫ አውጥቶ በሕጉ መንገድ ነው የጠየቀው፤ በዚህ አልወቅሰውም። ቤተሰብ በተሰበሰበበት «የሙት ገንዘብ ትበላለህ?» ሲለኝ ግን አፌ ተሳሰረ። ሰኞ መቃብር ላይ እንደነበርኩ ሁሉም አይቶኛል። «ካርዱን ለጓደኛው ሰጥቶ ይሆናላ!» አለ አንዱ። ለዚህ ምን ይመለሳል?

ፊልም ላይ የምናየው የክሬዲት ካርድ ማጭበርበር ሌላ ነው። እዚያ የሚወጣው የባንክ ብድር ስለሆነ ከሳሹም ብዙ ጊዜ ባንኩ ነው። እኛ ኪስ ውስጥ ያለው ኤቲኤም ካርድ የሚያወጣው የባለቤቱን ቁጠባ ነው። ባለቤቱ ሲሞት ገንዘቡ የወራሾች ይሆናል። ስለዚህ የሚከስህ ድንኳን ውስጥ አብሮህ ያለቀሰው ሰው ነው።

ብሩን ያወጣሁት ቅዳሜ ማታ፣ ከውጭ ግዙ ለተባልነው መድኃኒት ነው። «ሂድ አውጣ» ያለችኝ ራሷ ናት። ታዲያ ሰኞ የሚለው ከየት መጣ? ቅርንጫፉ ሄጄ ስጠይቅ ሠራተኛዋ በእስክሪብቶ ጫፍ አሳየችኝ፦ ቀኑ ሂሳቡ የተመዘገበበት እንጂ ብሩ ከማሽኑ የወጣበት አይደለም። ቅዳሜ ከሥራ ሰዓት በኋላ የወጣው በሚቀጥለው የሥራ ቀን፣ ሰኞ፣ ተመዝግቧል።

ራሴንም ልውቀስ። የሚስጥር ቁጥሯን መቀበል አልነበረብኝም፤ የመድኃኒቱንም ደረሰኝ ጥዬዋለሁ። ደግሞ ካረፈች በኋላ አውጥቼ ቢሆን ኖሮ፣ ለአስከሬኗ መኪናም ቢሆን፣ አጎቴ ልክ ይሆን ነበር። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ በውሉ ሌላ ነገር ካልተባለ በቀር፣ ወካዩ ሲሞት ውክልናው ያበቃል። የተጻፈው ውክልና እንኳ እንዲህ ከሆነ፣ አልጋ ላይ ሆና የነገረችኝ ቃልማ!

አጎቴ የሠራተኛዋን ማብራሪያ ስነግረው አላመነም። «ብር ሲወጣ የሚመጣው መልእክትስ?» አለ። እሱ የሚገባው እሷ ስልክ ላይ ነው። ስልኳ ደግሞ ከቀብሩ ጀምሮ እሱ ቤት፣ ሳጥን ውስጥ ጠፍቶ ተቀምጧል። ማንም ሊነካው አልፈለገም።

ቻርጀር ሰክተን ጠበቅን። በራ። የባንኩ መልእክት እዚያው ነበር፤ ቅዳሜ፣ 20፡11 ይላል፤ በእኛ ማታ 2፡11 ማለት ነው። ከላዩ ያልተከፈተ አንድ መልእክት አለ። አጎቴ ራሱ እሑድ ጠዋት፣ መርዶው ሳይደርሰው የላከው ነው፦ «እንዴት አደርሽ?»

ስልኩን ይዞ ብዙ ዝም አለ። ከዚያ «መድኃኒቱ ደረሰላት?» አለኝ።

«አልደረሰላትም» አልኩት።